መታወቂያዬን ራሴ ብጽፈውስ? የአንድ ረጅም ክር ቅኝት

በመድረካችን የተከፈተው የውይይት ክር ስለረዘመና አዲስ የሚገቡ አባላት ከላይ የተመለሰውን እየደገሙ መጠየቅ ስላበዙ፣ በአወያይነቴ እስካሁን የተባለውን በየተራው አስፍሬዋለሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም። በየመካከሉ የራሴን አስተያየት ጣል ሳላደርግ አላለፍኩም፤ የማይስማማ ካለ ከታች ይጻፍ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመነሻው ጽሑፍ አንድ ጥያቄና አንድ ክርክር ይዞ የመጣ ነው። ጥያቄው፣ ሰው ስለ ራሱ ከማንም በላይ የሚያውቀው ራሱ ሆኖ ሳለ፣ ስሙንና የትውልድ ቀኑን ጽፎ፣ ፎቶግራፉን ለጥፎ፣ ፈርሞና ሁለት ምስክር አስፈርሞ የያዘው ወረቀት ከመንግሥት መታወቂያ የሚያንሰው በምን ምክንያት ነው የሚል ነው። ክርክሩ ደግሞ የመንግሥት መታወቂያም ቢሆን ሥሩ ሲታይ የሰው ቃል እንጂ ሌላ አይደለም የሚል ነው፤ ፓስፖርት የሚሰጠው የልደት የምስክር ወረቀትን ተመልክቶ ነው፣ የልደት የምስክር ወረቀት የሚሰጠው ደግሞ ወላጅ ወይም አዋላጅ ለመዝጋቢው በተናገሩት ቃል ነው፣ መዝጋቢው ግን ሕፃኑ ሲወለድ አላየም። ጠያቂው ነገሩን እንደ ቀልድ እንዳይወሰድበት በዓለም ባንክ የ2022 ግምት 850 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ምንም ዓይነት ይፋዊ መታወቂያ እንደሌላቸውና የተባበሩት መንግሥታት የዘላቂ ልማት ግብ 16.9 እስከ 2030 ለሁሉም ሰው ሕጋዊ ማንነት ለማዳረስ እንደሚያልም ጠቅሶ፣ መንግሥት እስኪደርስላቸው እነዚህ ሰዎች ራሳቸውን ቢያስመዘግቡ ምን ነውር አለው ሲል ጽሑፉን ዘግቷል።

መልስ 1 ጠያቂውን አመስግኖ፣ ይህን ነገር በተግባር የሞከረ ሰው መኖሩን አስታወሰ። ሰውየው ጋሪ ዴቪስ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቦምብ ጣይ አውሮፕላን አብራሪ የነበረ፣ ከዚያ በኋላ አሜሪካዊ ዜግነቱን ትቶ የዓለም ዜጋ ነኝ ያለ፣ የዓለም ፓስፖርት የሚባለውን ሰነድ ማሳተም የጀመረ። ጸሐፊው ሰነዱ ከሰብዓዊ መብቶች ሁለንተናዊ መግለጫ ጋር በአንድ ዓመት እንደተወለደ አድርጎ አቅርቦት ነበር። መልስ 2 ይህን በትሕትና አረመ። ዴቪስ ዜግነቱን ፓሪስ ላይ የተወው በግንቦት 1948 ነው፣ መግለጫው የጸደቀው በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 10 ነው፣ ፓስፖርቱን የሚያወጣው ወርልድ ሰርቪስ ኦቶሪቲ ግን የተቋቋመው በ1954 ነው። ይህቺው ጸሐፊ ያከለችው ነጥብ ከዓመቱ እርማት ይልቅ የሚጠቅም ነው። የዓለም ፓስፖርት የሚመረኮዝበት የመግለጫው አንቀጽ 13 ንዑስ አንቀጽ 2 ሰው ከማንኛውም አገር የመውጣትና ወደ ራሱ አገር የመመለስ መብት እንዳለው እንጂ ወደ ሌላ አገር የመግባት መብት እንዳለው እንደማይናገር አስገነዘበች። ከዚህ በኋላ የመጡት ብዙዎቹ መልሶች፣ አንዳንዶቹ ሳያውቁት፣ በዚህች ክፍተት ዙሪያ የሚሽከረከሩ ናቸው።

መልስ 3 እንዲህ ያለ ሰነድ ከአየር መንገድ መፈተሻ ጠረጴዛ አያልፍም የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው።

ለምን እንደማያልፍ ያብራሩት በድንበር ቁጥጥር ረጅም ዘመን የሠሩ አባል ናቸው፤ መልስ 4 የሳቸው ነው። ኬላ ላይ ያለ ሠራተኛ ፓስፖርት ሲቀበል በልቡ ሦስት ነገር እንደሚጠይቅ ጻፉ፦ ሰነዱ እውነተኛ ነው ወይ፣ የያዘው ሰው የሰነዱ ባለቤት ነው ወይ፣ እዚህ እንዳይቆይ ብንወስን የሚቀበለው ማን ነው። ሕዝብ የሚያስበው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ብቻ እንደሆነ፣ ሦስተኛው ግን ከሁሉም እንደሚከብድ ገለጹ። ፓስፖርት ያወጣ መንግሥት ይህ ሰው የኔ ነው፣ ብትመልሱት እቀበለዋለሁ ብሎ እንደፈረመ ይቆጠራል፤ ራሱ ሰነድ የጻፈ ሰው ግን ስሙን በትክክል ቢጽፍ እንኳ የሚመለስበትን አገር ሊፈጥር አይችልም። አየር መንገዶችም መግባት የተከለከለን መንገደኛ መልሰው የማጓጓዝ ግዴታ ስላለባቸውና በብዙ አገሮች ቅጣት ስለሚጣልባቸው፣ ጉዳዩ ድንበር ላይ ሳይደርስ መነሻው ላይ እንደሚያበቃ አስረዱ። በእኔ ግምት የክሩ አከርካሪ ይህ መልስ ነው፤ የጠያቂው የልደት የምስክር ወረቀት ክርክር ትክክል ቢሆንም እንኳ ይህን አይነካውም። የቃሉ ምንጭ ሰው መሆኑን ሁሉም ይቀበላል፤ ቃሉ ሐሰት ሆኖ ሲገኝ ወይም እውነት ሆኖ ዕዳ ሲያስከትል የሚጠየቀው ማን እንደሆነ ነው ያልተመለሰው።

መልስ 5 በዚህ አልተስማማም። የዓለም ፓስፖርት ላይ ቪዛ የመቱ አገሮች እንዳሉ፣ አውጪው ድርጅትም ፎቶ ኮፒያቸውን በማስረጃነት እንደሚያቀርብ ጠቅሶ፣ መልስ 4ን የጻፉት ሰው የቢሮ ልማዳቸውን ሕግ አድርገዋል ሲል ከሰሰ። መልስ 6 የክሩ ቁጣ የጀመረበት ነው። አንድ የደከመው ወይም ያዘነለት ሠራተኛ የመታው ማኅተም መንግሥት ሰነዱን ዕውቅና እንደሰጠው አይቆጠርም፤ እንዲህ ያለ ምክር ሰምቶ የሚጓዝ ሰው እስር ቤት ሲገባ መካሪው በዚያ አይገኝም ሲል ጽፎ፣ ያሲን ቤይ በሚል ስም የሚታወቀው አሜሪካዊ ራፐር በጥር 2016 ከደቡብ አፍሪካ በዓለም ፓስፖርት ሊወጣ ሲል ኬፕታውን ላይ መያዙን በምሳሌነት አቀረበ። ታዋቂ ሰው፣ ጠበቃ ያለው ሰው ወራት የፈጀ ጣጣ ከገጠመው፣ ዘመድ የሌለው ስደተኛ ምን እንደሚገጥመው አስቡት አለ። አነጋገሩ ሻካራ ነው፣ ነገሩ ግን ልክ ነው ብዬ ሳልሰርዘው ቀርቻለሁ።

መልስ 7 የአንድ የሶፍትዌር ባለሙያ ሲሆን ክርክሩን ወደ ወረቀቱ ራሱ መለሰው። በፓስፖርት የፎቶ ገጽ ግርጌ ያሉት ሁለት የማሽን መስመሮች ምሥጢር እንዳልሆኑ፣ አሠራራቸው ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ ማለትም ኢካኦ፣ ሰነድ 9303 ብሎ ባወጣው ደንብ ለሁሉም ክፍት እንደሆነ ገልጾ አንድ ስሌት ሠርቶ አሳየ። መጋቢት 14 ቀን 1985 የተወለደ ሰው በመስመሩ ላይ 850314 ተብሎ ይጻፋል። አሃዞቹ በየተራቸው በ7፣ በ3፣ በ1፣ እንደገና በ7፣ በ3፣ በ1 ይባዛሉ፤ 56፣ 15፣ 0፣ 21፣ 3 እና 4 ይሆናሉ፤ ድምሩ 99 ነው፤ ለ10 ሲካፈል የሚተርፈው 9 ከልደት ቀኑ ቀጥሎ ይቀመጣል። ማሽኑ ያነበበውን በትክክል ማንበቡን የሚያረጋግጠው በዚህ ነው፤ ስለዚህ ማንም ሰው ቤቱ ተቀምጦ ማሽን የሚቀበለው መስመር መጻፍ ይችላል፣ ይህ ግን የእውነተኛነት ማስረጃ አይደለም። ማስረጃው ያለው በቺፑ ውስጥ ነው። በቺፑ ያለው መረጃ በአውጪው አገር ዲጂታል ፊርማ የታሰረ ነው፣ አንባቢው አገርም ፊርማውን የሚመረምረው ኢካኦ በሚያስተዳድረው የይፋዊ ቁልፎች ማውጫ (ቁልፍ ማለት ዲጂታል ፊርማ ለማውጣትና ለማመሳከር የሚያገለግል ረጅም ቁጥር ነው) ወይም አገሮች እርስ በርስ በተለዋወጡት ቁልፍ ነው። ራሱን የመዘገበ ሰው ቺፕ ገዝቶ በራሱ ቁልፍ ሊፈርምበት ይችላል፤ ቁልፉ በየትኛውም አገር ዝርዝር ውስጥ ስለማይገኝ ግን ማሽኑ የማን ፊርማ እንደሆነ አያውቅም።

መልስ 8 እንግዲያው ጉዳዩ በሙሉ የዝርዝር ጉዳይ ከሆነ፣ በዝርዝሩ ውስጥ መንግሥት ያልሆነ አካል ገብቶ ያውቃል ወይ ሲል ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ጥሩ መልስም አግኝቷል። መልስ 9 በዚያው በሰነድ 9303 ውስጥ በማሽን መስመሩ ላይ ከሚጻፈው ባለ ሦስት ፊደል የአገሮች ኮድ ሌላ ልዩ ኮዶች እንዳሉ አመለከተ። ዩ-ኤን-ኦ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ለሠራተኞቹ የሚሰጠው የጉዞ ሰነድ ነው፤ ኤክስ-ኦ-ኤም ደግሞ ግዛት የሌለው ሆኖ ሳለ ከ100 በላይ ከሆኑ መንግሥታት ጋር ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት ያለው የማልታ ሉዓላዊ ወታደራዊ ማኅበር ነው። በዜግነት ቦታ የሚገቡም አሉ፤ ኤክስ-ኤክስ-ኤ አገር አልባ ሰው ነው፣ ኤክስ-ኤክስ-ቢ በ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት የታወቀ ስደተኛ ነው። ስለዚህ ሰነድ የሚያወጣው አካል የግድ መንግሥት መሆን እንደሌለበት፣ መንግሥታት ግን ያንን አካል ተስማምተው መቀበል እንዳለባቸው ደመደመ።

መልስ 10 ከዚህ ተነሥቶ በሌላ ስማቸው ኢሮኳ የሚባሉትን የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ኅብረት፣ የሆዴኖሾኒን ጉዳይ አነሣ። በ2010 የኢሮኳ የላክሮስ ቡድን ለዓለም ሻምፒዮና ወደ ማንቸስተር ሊሄድ ሲል፣ ተጫዋቾቹ የያዙት በገዛ ኅብረታቸው የወጣ ፓስፖርት በመሆኑ ብሪታንያ ሳታስገባቸው ቀረች፤ የአሜሪካ መንግሥት ተመልሰው እንዲገቡ እንደሚፈቅድ አስታውቆም እንኳ ውሳኔው አልተለወጠም። ጸሐፊው ይህን ራስን በራስ የማወጅ ሰነድ ምሳሌ አድርጎ ማቅረቡ መልስ 11ን አስቆጣ። ከብዙዎቹ የዛሬ መንግሥታት በፊት ውል ሲዋዋል የኖረን ሕዝብ በኮምፒዩተሩ ላይ ፓስፖርት ከሚያትም ግለሰብ ጋር አንድ ላይ መጨፍለቅ ስድብ ነው ሲል ተቃወመ፤ ዴስካሄ የተባሉት፣ ከኅብረቱ ሕዝቦች አንዱ የሆነው የካዩጋ መሪ በ1923 የሕዝባቸውን አቤቱታ ይዘው በኅብረቱ ፓስፖርት ጄኔቫ መድረሳቸውንም አስታወሰ። ተቃውሞው ተገቢ ነው። በሰውየው ጀርባ ምክር ቤት፣ ሕግና አባላቱን የሚያውቅ ማኅበረሰብ አለ፤ ያ ማኅበረሰብ ስለ ሰውየው ሊጠየቅ ይችላል። መልስ 4 ያነሣው ሦስተኛ ጥያቄ እዚህ መልስ አለው፤ የጎደለው የመልሱ ተቀባይ ነው።

በመልስ 12 እና 13 ነገሩ ወደ ናንሰን ፓስፖርት ዞረ። የመጀመሪያው ጸሐፊ በ1922 ኖርዌያዊው ፍሪትዮፍ ናንሰን የመንግሥታቱ ማኅበር የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽነር ሆኖ ሳለ፣ መጀመሪያ ለሩሲያውያን በኋላም ለአርመናውያን ስደተኞች ያስገኘው ሰነድ መንግሥት አያስፈልግም ለሚለው ሐሳብ ማረጋገጫ እንደሆነ በደስታ ጻፈ። ሁለተኛው ግን ሁለት ነገር አረመ። አንደኛ፣ ሰነዱን በየአገሩ የሚሰጡት መንግሥታቱ ራሳቸው ነበሩ፤ ማኅበሩ ያደረገው ቅርጹን ማስማማትና ሌሎቹ እንዲቀበሉት ማድረግ ነው። ሁለተኛ፣ የ1922ቱ ስምምነት ባለ ሰነዱ ወደ ሰጪው አገር የመመለስ መብት እንዳለው አያመለክትም ነበር፤ በዚህ ምክንያት ሌሎች አገሮች ለማስገባት ስላመነቱ በ1926 የመመለሻ ቪዛ ጉዳይ ተጨመረበት። በ1951 ስምምነት አባሪ ላይ ደግሞ ሰነዱን የሰጠው አገር ባለ ሰነዱን መልሶ የመቀበል ግዴታ በግልጽ ተጻፈ። መልስ 4ን ያልተቀበሉ አባላት ይህን አንቀጽ ቢያዩት መልካም ነው፤ የድንበሩ ሠራተኛ ከልምድ የተናገሩትን ታሪክ በሦስት ደረጃ ደግሞታል።

መልስ 14 ከሁሉም የሚከብደው ነው። ጸሐፊዋ የሰውን ቃል ብቻ ይዞ ሰነድ መስጠት ምን እንደሚያስከትል የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ታሪክ ያሳያል አለች። ኮሚቴው ከ1945 ጀምሮ ወረቀት ለሌላቸው የጦርነት ተፈናቃዮች የጉዞ ሰነድ ሲሰጥ፣ ሕዝቡ ብዙ መዝገቡም የተቃጠለ ስለነበር አመልካቹ የነገረውን ከመቀበል በቀር ብዙ አማራጭ አልነበረውም። በዚህ ሰነድ እጅግ ብዙ ንጹሐን ሕይወታቸውን እንደገና ጀምረዋል። የናዚዎችን የአይሁድ ጭፍጨፋ ካቀነባበሩት አንዱ የሆነው አዶልፍ አይሽማንም ሪካርዶ ክሌመንት በሚል ስም በ1950 ይህንኑ ሰነድ ይዞ ወደ አርጀንቲና ገብቷል፤ ሰነዱ ራሱ በ2007 ከአንድ የአርጀንቲና ፍርድ ቤት መዝገብ ውስጥ ተገኝቷል። ጸሐፊዋ ጠያቂው ያቀረባቸው ሁለት ምስክሮች አይሽማንን ያስቆሙት ነበር ወይ ስትል ጠይቃ አበቃች።

መልስ 15 ለዚህ በቁጣ ምላሽ ሰጠ። አንድ ወንጀለኛ ስላለፈበት መንገዱ ይዘጋ ከተባለ የመንግሥት ፓስፖርትም ሊቀር ነው፣ የመንግሥት ሰላዮች በገዛ መንግሥታቸው በታተመ እውነተኛ ፓስፖርት በሐሰት ስም ይጓዛሉና። ጸሐፊዋንም ስለ ስደተኞች ምንም የማይገዳት ሰው ናት አላት። ይህን የመጨረሻውን ሐረግ ሰርዤበታለሁ፤ ስለ ሰላዮቹ ያለው ግን አሁንም መልስ የሚሻ ነው።

መልስ 16 እስከ 18 ከጉዳዩ ወጡ። አንዱ የዓለም ፓስፖርት ከያዛቸው ቋንቋዎች መካከል ኤስፔራንቶ የተባለው ሰው ሠራሽ ቋንቋ መኖሩን አንሥቶ፣ ሌላው ቋንቋው እስካሁን ተናጋሪ አለው ወይ ብሎ፣ ሦስተኛው በፓስፖርት ፎቶ ላይ ፈገግታ የተከለከለበትን ምክንያት ጠይቆ ነበር። ምክንያቱ ፊትን በማሽን ለማመሳሰል የፊት አቋም መደበኛ መሆን ስላለበት ነው፤ ለቀረው ሌላ ክር ይከፈትለት። መልስ 19 ብሪቲሽ ሆንዱራስንና ሮዴዢያን በመሰሉ ዛሬ በሌሉ አገሮች ስም የታተመ ፓስፖርት የሚሸጥበትን አድራሻ ስለያዘ አጥፍቼዋለሁ። የአውሮፓ ኅብረት እንዲህ ያሉትን የፈጠራና የማስመሰያ ፓስፖርቶች በዝርዝር አውጥቶ ለአባል አገሮቹ ያሳውቃል፤ ሻጩ ሕጋዊ ነው ቢልም በዚያ ሰነድ አካውንት ለመክፈት መሞከር በማታለል ሊያስከስስ ይችላል።

ክሩን ወደ ቁም ነገሩ የመለሰው የጠበቃዋ መልስ 20 ነው። ራስን የማወጅ ሰነድ ሕልም ሳይሆን በሕግ ውስጥ ቦታ ያለው ነገር መሆኑን አሳየች። በእንግሊዝ ሕግ ሰው በምስክር ፊት በፈረመው ጽሑፍ ብቻ ስሙን ይለውጣል፤ በብዙ አገሮች በቃለ መሐላ የሚቀርብ መግለጫ የጠፋን ማስረጃ ይተካል፤ የሕንድ አድሃር መታወቂያም ምንም ሰነድ ለሌለው ሰው በመዝጋቢው የታወቀ አስተዋዋቂ ስለሱ መስክሮ እንዲመዘገብ መንገድ ከፍቷል። በነዚህ ሁሉ መግለጫው ዋጋ የሚያገኘው በአንድ ምክንያት እንደሆነ ጻፈች፤ የዋሸ በሐሰት መሐላ ይከሰሳል፣ አስተዋዋቂውም በስሙ ይታወቃል። ለጠያቂው ያቀረበችው ምክር፣ ሁለቱ ምስክሮች አድራሻቸው ያልታወቀና የሚጠየቁበት ሕግ የሌለ ከሆነ ፊርማቸው ጌጥ ነው የሚል ነው። ከመልስ 4 ቀጥሎ እኔ የምይዘው ይህን ነው።

መልስ 21 ከቴክኖሎጂው ወገን አንድ አስገራሚ ነገር አመጣ። በ1991 ፊል ዚመርማን ፒጂፒ የተባለውን የምሥጢር መጻፊያ ሶፍትዌር ሲያወጣ፣ ሰዎች ያለ ማእከላዊ ባለሥልጣን አንዱ የሌላውን ቁልፍ እየፈረሙ የመተማመን መረብ እንዲዘረጉ ታስቦ ነበር። ለዚሁ ተግባር ሰዎች በሚሰበሰቡባቸው ቦታዎች ግን ተሰብሳቢዎቹ ከመፈራረማቸው በፊት አንዱ ሌላውን የሚጠይቀው ምንድን ነው? ፓስፖርት ነው። መንግሥትን ለማለፍ የመጣው መረብ በጓሮ በር መንግሥትን አስገብቶታል። መልስ 22 ወደ አሁኑ ዘመን አመጣው። የዓለም አቀፉ ድር ጥምረት በ2022 ደረጃ ያወጣላቸው ያልተማከሉ መለያዎች ሰው ማንንም ሳያስፈቅድ የራሱን መለያ እንዲፈጥር ያስችላሉ፤ ነገር ግን የሚያረጋግጡት ዛሬ የመጣው ትናንት የመጣው ያው ሰው መሆኑን እንጂ ሰውየው ማን መሆኑን አይደለም። ለብዙ ጉዳይ ይህ ይበቃል፤ በድርሰት ስም ለሚጽፍ፣ በመድረክ ላይ ለሚወያይ፣ ለኛም ጭምር።

መልስ 23 የባንክ ሠራተኛ ናቸው፤ አጭር ጻፉ። ገንዘብን ሕገ ወጥ በሆነ መንገድ ማዘዋወርን የሚከላከለው የፋይናንሻል አክሽን ታስክ ፎርስ በ10ኛው ምክረ ሐሳቡ ደንበኛ የሚለይበት ምንጭ አስተማማኝና ገለልተኛ እንዲሆን ያዛል፤ ራሱ ደንበኛው የጻፈው ሰነድ የቱንም ያህል እውነት ቢሆን ከደንበኛው ገለልተኛ ሊሆን አይችልም። ባንኩ ከተሳሳተ የሚቀጣው ባንኩ ስለሆነ፣ ጨዋ ሰው መሆኑን በዓይናቸው ቢያዩ እንኳ ሊቀበሉት እንደማይችሉ፣ ዋስ የሚሆን የታወቀ ድርጅት ቢመጣ ግን አነስተኛ የገንዘብ መጠን የተገደበለት አካውንት ሊከፈት የሚችልበት አሠራር በአንዳንድ አገሮች እንዳለ ገለጹ።

ጠያቂው በመልስ 24 ተመልሶ መጥቷል። የጠበቃዋንና የባንክ ሠራተኛውን ነጥብ ተቀብሎ፣ ሰነዱን ለጉዞ የማይሆን፣ በአገር ውስጥ ለሕክምና፣ ለትምህርትና ለአነስተኛ አካውንት ብቻ የሚያገለግል አድርጎ አጥብቦታል፤ ምስክሮቹም በስም የሚታወቁና በሕግ የሚጠየቁ እንዲሆኑ ጨምሯል። አሁን የጠየቀው፣ ምስክሩ ስለ ሌላ ሰው ማንነት ተጠያቂ የሚሆነው እስከ መቼ ነው፣ ሲሞትስ ወይም አገር ሲለቅ ሰነዱ ይሽራል ወይስ ይቆያል የሚል ነው። ዋስትናን በጊዜ የሚገድብ አሠራር በቅርብ የሚያውቅ አባል ካለ ቀጥሎ ያለው ቁጥር 25 ክፍት ነው። ስለ ፎቶና ስለ ኤስፔራንቶ የሚመጣውን ግን ወደ ሌላ ክር እወስደዋለሁ።